እጃጂ ውስጥ አንድ ቬሎ በነበረ ጊዜ

እናቴ ነቢይት ናት ብዬ በእጃጂ ከተማ ያስወራሁት እኔ ነኝ። ማንም አልመከረኝም፣ ማንም አላሳሳተኝም፤ በዓይኔ ያየሁትን ነው የተናገርኩት። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሰው በዘጠኝ ዓመቱ ያየውን ካላመነ መቼ ሊያምን ነው?

ያኔ፣ በ2007 ዓ.ም.፣ እጃጂ ውስጥ አንድ ቬሎ ብቻ ነበር፤ እሱም የእናቴ የደብሪቱ ነው። እማ ልብስ ሰፊ ናት። አስፋልቱ ዳር ጠባብ ክፍል ተከራይታ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፣ ሱሪ ታሳጥራለች፣ ዚፕ ትቀይራለች። ቬሎውን ግን አዲስ አበባ ድረስ ወርዳ ከመርካቶ ነው ያመጣችው። ጀርባው በክር የሚታሰር ስለሆነ ለቀጭኗም ለወፍራሟም ይሆናል፤ ክሩን ማጥበቅና ማላላት ብቻ ነው። ረጅም ሙሽራ ስትመጣ ከታች አንድ ዙር ዳንቴል ይቀጠልበታል፤ አጭር ስትመጣ ዳንቴሉ ይፈታል። በከተማው ያለውን የሰርግ አልበም ሁሉ ብትገልጡ ልብሱ ያው ነው፣ የሚለዋወጠው ፊቱ ነው። እኔማ ሴት ልጅ የምታገባው ቬሎው ሲደርሳት ይመስለኝ ነበር፤ ልክ እንደ ወፍጮ ቤት ወረፋ።

አምቦ ድረስ ለሚሄድ ሰው በመስታወት ውስጥ የተደረደረ ቬሎ ሞልቷል። ግን ማንም አይሄድም፤ እማ ከሁሉ ቀድማ ትደርሳለቻ! ልጅቷ ልታገባ መሆኑን ጎረቤት እንኳ ሳይሰማ፣ ሜትሯን አንገቷ ላይ አጥልቃ በር ታንኳኳለች። «እንኳን ደስ ያላችሁ! እስቲ ቁሚልኝ፣ የኔ እመቤት» ትላለች። ወገቧን ከተለካች በኋላ «አይ፣ እኔ አምቦ ነው የምከራየው» የምትል ሙሽራ እኛ ዘንድ የለችም፤ ይሉኝታ ይይዛታል። ስለዚህ ቀድሞ የለካ አሸነፈ ማለት ነው። የዚያች ጠባብ ክፍል ኪራይ የሚወጣው ከቬሎው ነበር። ቬሎው ሥራ ከፈታ እማ የስፌት መኪናዋን ተሸክማ እቤት ልትገባና የባሏን ደሞዝ ልትጠብቅ ነው። ከዚህ የበለጠ የምትፈራው ነገር አልነበረም።

አባቴ ተሬፋ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነው። ከተማው «ባርሲሳ» እያለ ይጠራዋል፣ በኦሮምኛ መምህር ማለት ነው። የቤተ ክርስቲያናችን ጸሐፊም እሱ ነበር። እሁድ የሚነበበውን ማስታወቂያ ሐሙስ ከሰዓት እቤት ቁጭ ብሎ ይጽፋል፤ የታመመ፣ የሞተ፣ የሚጋባ ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ። የሚጋቡት ልጆች ስም ሦስት እሁድ ይነበባል፣ ተቃውሞ ያለው እንዲናገር።

ሐሙስ ከሰዓት እማ ክፍሏን ትዘጋና እቤት ትመጣለች። መጋረጃውን ጋርዳ ከአልጋው ጫፍ ትቀመጣለች፣ ራሷን ግድግዳው ላይ ታስደግፋለች፣ ዓይኗን ትጨፍናለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

«እማ፣ ራበኝ።»

«ሽሽ! እየጸለይኩ ነው።»

ከመጋረጃው ወዲያ አባቴ፣ ተማሪ ፊቱ የተቀመጠ ይመስል፣ ቃል እየጠራ ለራሱ ያጽፋል። እኔ ድምፁን እንደ ዝንብ ጥዝታ ለምጄው ከቁም ነገር አልቆጥረውም ነበር። እማ ድንገት ዓይኗን ትገልጣለች፣ «አሜን» ትላለች፣ ሜትሯን ታነሳለች፣ ትወጣለች። እሁድ ሲሆን ሄዳ የለካቻት ልጅ ስም ከመድረክ ይነበባል። ሰባት ጊዜ ቆጥሬያለሁ፤ አንድም ጊዜ አልተሳሳተችም።

አባቴ ለሚስቱ አንድም ምስጢር አልነገራትም። ሰው ፊት እጁን አንስቶ የሚምለው በዚህ ነው፣ እውነቱንም ነው። አድጌ ከአንድ የሥራ ባልደረባው ጋር ስንጫወት ግን «አባትሽ? ሃያ ዓመት አብረን ስንሠራ አንድ ቀን እየጻፈ ትንፍሽ ሲል ሰምቼው አላውቅም» አለኝ። ድምፅ አውጥቶ የሚጽፈው እቤት ብቻ ነበር።

ወደ ጥፋቴ ልመለስ። የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪያችን አንድ እሁድ «በዘመናችን ነቢይ የሚያውቅ አለ?» ብላ ጠየቀች። እጄን ያወጣሁት እኔ ብቻ ነኝ። እማ ዓይኗን ጨፍና የሚያገቡትን እንደምታይ፣ እግዚአብሔር የወገባቸውን ልክ ሳይቀር እንደሚነግራት አስረዳሁ። ሁለተኛው ነገር ላይ ትንሽ ጨምሬያለሁ። አርባ ልጅ ሰምቶ አርባ ቤት ገባ።

በማግስቱ አደ ዱረቲ፣ ወይዘሮ ዱረቲ ማለት ነው፣ መጣች። የኦቦ ለሜሳ ሚስት ናት፤ ሃዊ የምትባል ሃያ ስምንት ዓመት የሞላት ያላገባች ልጅ አለቻት። አሥር እንቁላል በሳህን ይዛለች።

«አከም ጅርታ፣ ሃዳ ጃለኔ?»

እናቴን የጃለኔ እናት ማለቷ ነው፤ በስሟ የሚጠራት አባቴ ብቻ ነበር።

«ነጋ፣ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ግቢ፣ ተቀመጪ።»

«ለሃዊ ጉዳይ ነው የመጣሁት።»

የእማ እጅ ወዲያው ወደ ሜትሩ ሄደ። «እሰይ! መቼ ነው?»

«እሱንማ አንቺ ንገሪኝ እንጂ።»

«እኔ ምን አውቄ? ቀን የምትቆርጡት እናንተ።»

«ማሎ፣ እባክሽ ሃዳ ጃለኔ፣ አትደብቂኝ! ስሙን ባትነግሪኝም ሥራውን ብቻ ንገሪኝ። መምህር ነው ነጋዴ? ሾፌር ከሆነም እንወቀውና እንዘጋጅ።»

እማ አደ ዱረቲን አየች፣ እንቁላሉን አየች፣ ቀጥሎ እኔን አየች። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

ወሬው ከቤተ ክርስቲያኑ መሪዎች ሰብሳቢ ከኦቦ ጋሮማ ጆሮም ደረሰ። አባቴ ተጠርቶ ሄደና ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቶ ተመለሰ። ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ ሰማሁት።

«ምን አለኝ መሰለሽ? ‹ባርሲሳ፣ ይህ ትንቢት ሁልጊዜ ሐሙስ ከሰዓት የሚወርደው ለምንድን ነው?› አለኝ።»

እማ አንድ ጊዜ ሳቀች።

«ደብሪቱ፣ ከእንግዲህ አይሆንም» አላት።

«ምኑ?»

«ምኑም።»

በሚቀጥለው ሐሙስ እማ ግድግዳውን ተደግፋ ዓይኗን ጨፈነች። ከመጋረጃው ወዲያ እስክሪብቶ ብቻ ይጫጫራል። አንድ ሰዓት ሙሉ ጠበቀች። «አሜን» ሳትል ተነሳች። እኔ አልጋ ሥር ገብቼ አለቀስኩ፤ ምስጢሩን ስላወጣሁበት እግዚአብሔር ከቤታችን ኮብልሎ የሄደ መሰለኝ።

በዚያው ወር ሃዋኒ ከአምቦ መጣች። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ፀጉሯን ቀይ ቀለም ተቀብታለች። አራት ቬሎ ይዛ ከአንዱ የግል ክሊኒክ ጎን ቤት ከፈተች። አንደኛው ደረቱ ላይ የሚያብለጨልጭ ነገር ነበረው፤ ፀሐይ ሲመታው ማዶ የቆመ በቅሎ ያስደነብራል ይባል ነበር።

«ቬሎ ማንም ይገዛል» አለች እማ፣ አፏን ሞልታ። «ዋናው ቀድሞ መድረስ ነው።»

ደህና ቀን አልፎባታል። አሁን የሙሽሮችን ስም የምትሰማው እንደ ሰው ሁሉ እሁድ ነው፤ ቢሆንም የቡራኬው ጸሎት ሳያልቅ መጽሐፍ ቅዱሷን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ትሮጣለች። ስትደርስ ግን ሁሉም ጋ መልሱ አንድ ነው፤ «ውይ፣ ሃዋኒ ባለፈው ሳምንት ለክታናለች።» ባለፈው ሳምንት! ማስታወቂያው ሳይነበብ፣ አባቴም ገና ሳይጽፈው። ሦስት ሙሽራ እንዲህ አመለጣት። የኪራዩ ቀን ደግሞ ለማንም አይጠብቅም።

እኔ ሃዋኒን ወድጃታለሁ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ስለ ደግነቷ ለእማ ነገርኳት።

«በሯ ላይ ቁጭ ብላ፣ ክሊኒክ ደም ሰጥቶ ጥጥ ይዞ ለሚወጣ ሰው ቀዝቃዛ ለስላሳ ትሰጣለች። ግን ለሁሉም አይደለም። ብቻውን ለወጣ ዝም ነው የምትለው። ወንድና ሴት አብረው፣ ሁለቱም ክንዳቸው ላይ ጥጥ ይዘው ሲወጡ ነው የምትጠራቸው።»

የስፌት መኪናው ቆመ። እማ እግሯን ከመርገጫው አነሳች። ለእኔ ያልገባኝ ነገር ለእሷ በአንድ ጊዜ ገባት። ቤተ ክርስቲያን ሁለት ሰዎችን ለጋብቻ የምትመዘግበው የደም ምርመራ ወረቀት ሲያመጡ ነው። ወረቀቱ ሳይወጣ አባቴ እስክሪብቶ አያነሳም። ሃዋኒ ይህንን አውቃ ነው ከሁሉ ቤት መርጣ እዚያ የተከራየችው።

«ይቺ ልጅ!» አለች እማ። ቁጣም ነበረበት፣ አድናቆትም ነበረበት። ቀጥላ ለራሷ፣ «ከደሙ በፊት ምንድን ነው ያለው?» አለች። ስለ ኃጢአት የምታወራ መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ። ጥቂት አሰበችና ጭኗን መታች።

«ሽማግሌ! ጃለኔ፣ አንቺ የጠዋት ፈረቃ ነሽ አይደል? ማለዳ ስትሄጂ ጋቢ የለበሱ፣ ዱላ የያዙ፣ ሦስትም አራትም ሆነው የሚሄዱ ሽማግሌዎች ካየሽ የማን በር ላይ እንደቆሙ አይተሽ ሮጠሽ ንገሪኝ።»

ነቢይነቷ ወደ እኔ መተላለፉ ነው ብዬ ኮራሁ። ለሁለት ሳምንት ከተማውን ዞሬ ዞሬ ነው ትምህርት ቤት የምደርሰው። በየቀኑ ረፍዶብኝ እንበረከካለሁ፤ ማንንም ግን አላየሁም።

አንድ የጥር ማለዳ አየኋቸው። አራት ሆነው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ቀስ እያሉ ይራመዳሉ። ኦቦ ጋሮማ ከፊት ነው። የኦቦ ለሜሳ በር ላይ ሲደርሱ ቆሙ፣ እርስ በርስ ተያዩ፣ ማንም ቶሎ ማንኳኳት አልፈለገም። አንደኛው በጋቢው ጫፍ ዓይኑን ጠረገ። ብርድ ነው ብዬ አለፍኩት። ደብተሬን እንደያዝኩ ወደ ቤት በረርኩ።

«ሃዊ! ሃዊ ልታገባ ነው! አራት ናቸው!»

እማ ነጠላዋን እንኳ አላስተካከለችም። ሜትሯን አንገቷ ላይ ወርውራ ወጣች፣ እኔም ከኋላዋ። የኦቦ ለሜሳን አጥር ስናልፍ በእልልታ ነበር። እማ ስታሳምር አያድርስ ነው፤ የእሷ እልልታ ከአስፋልቱ ማዶ ይሰማል። እልል እንዳለች ሳሎን ገባች።

በእኛ አገር ሽማግሌ በማለዳ ተሰብስቦ የሰው በር የሚያንኳኳው ለሁለት ነገር ነው። አንደኛው ልጅ ለመጠየቅ ነው። ሁለተኛው መርዶ ለመንገር ነው። እማን ሁለተኛውን ኪራዩ አስረስቷታል።

ልክ ስንገባ አደ ዱረቲ ደረቷን እየደቃች ጮኸች። ኦቦ ለሜሳ ራሱን ይዞ መሬት ተቀምጧል። እኔ ልጅ መዳር ይህን ያህል ያስለቅሳል እንዴ ብዬ ተገረምኩ። ኦቦ ጋሮማ እናቴን ሲያይ አፉ ተከፍቶ ቀረ። የእማ እልልታ መሃል ላይ ታጥፎ «ወዬ! ወዬ!» ሆነ። እንዴት አድርጋ እንደገጠመችው እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ማን እንደሞተ ሳታውቅ ከቤተሰቡ ሁሉ በላይ አለቀሰች። አሁን ሳስበው፣ የምታለቅሰው ለሟች ብቻ አልነበረም።

የሞቱት ጎጆ በምትባል ከተማ የሚኖሩ የኦቦ ለሜሳ አክስት ናቸው። ዘጠና ያለፋቸው፣ ለሦስት ዓመት ደከሙ አገገሙ ሲባሉ የኖሩ አሮጊት ነበሩ። ስለዚህ ለቅሶው ቶሎ ረገብ አለ። ያኔ አደ ዱረቲ ቀና ስትል የእማን አንገት አየች።

«ሜትር ይዘሽ ነው የመጣሽው?»

እማ ሜትሩን በእጇ ሸፈነች፤ አደ ዱረቲ ግን ቀጠለች።

«ጥቁር ልብስ ልትለኪን! ስልኩ ለኦቦ ጋሮማ የተደወለው ማታ ነው፤ ለአንድም ነፍስ አልተናገረም። ኦቦ ጋሮማ፣ ተናግረሃል?»

«ኸረ እኔ ለሚስቴም አልተናገርኩም» አለ ኦቦ ጋሮማ፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ እናቴን ሲያይ ቀድሞ ባርኔጣውን ያነሳል።

«እና አንቺ በምን አወቅሽ?» አለች አደ ዱረቲ።

እማ ምን ትበል? ልጅሽን ለሰርግ ልለካ መጣሁ ትበል? ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ «ኤዬ... እንዲሁ ልቤ ከበደው» አለች። ሰባት ሰው ለካች። የመጀመሪያዋ ሃዊ ነበረች።

ያ ጥቁር ልብስ የአንድ ወር ኪራይ ከፈለ። ከዚያ በኋላ ግን አለቅን። እማ ሞትን ቀድማ እንደምታውቅ ከተማው አረጋገጠ፤ ያረጋገጡት ደግሞ የተከበሩ ሽማግሌዎች ናቸው። ሜትሯን ይዛ ስታልፍ በር የሚዘጉ ሴቶች ነበሩ። አንድ አዛውንት መንገድ ላይ ሜትሯን ስትጠቀልል አይተው «ገና ነኝ፣ ገና ነኝ!» እያሉ ማዶ ተሻገሩ። ሜትሩን እቤት ትታ ብትወጣም ለውጥ አልነበረም። አንዲት የሙሽራ እናት ደግሞ በአክብሮት፣ «ሃዳ ጃለኔ፣ በጣም ነው የምንወድሽ፤ ማሎ፣ ቤታችን አትምጪ» ብላ ለመነቻት። ቬሎው በላስቲኩ ተሸፍኖ ከጥር እስከ ፋሲካ ተሰቀለ። አከራዩም ክፍሏን ለሌላ ሰው ማሳየት ጀመረ። እኔ ሁሉም የመጣው ከእኔ አፍ እንደሆነ አውቄው ነበር።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ቅዳሜ እማ ቬሎውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። መቀሱን አነሳችና ከጫፉ ጀምራ ቀደደችው። እኔ ሰው የታረደ ይመስል ጮህኩ።

«ዝም በይ» አለችኝ። «ያለቀለት ነገር ነው።»

ከአንዱ ቬሎ ስድስት ትንንሽ ቀሚስ ወጣ፤ ከሙሽራ ፊት አበባ ይዘው ለሚሄዱ ሕፃናት። እንዲህ ያለ ልብስ እጃጂ ውስጥ ማንም አልነበረውም፣ ሃዋኒም ጭምር። አንዱን አለበሰችኝና ትከሻዬን ይዛ ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

«በክሊኒኩ በኩል ሂጂ። ቀስ ብለሽ። ሃዋኒ ብትጠይቅሽ ምንም እንዳትተነፍሺ። ማን እንደሰፋው፣ ስንት እንደሆነ፣ ምንም። የንግድ ምስጢር ነው። ማይልኝ።»

ማልኩ። በዚያች ቀን ከልቤ ነበር የማልኩት። ሁለት ጊዜ ቤታችንን አፍርሻለሁ፤ ሦስተኛ አልደግመውም ብዬ ጥርሴን ነክሼ ሄድኩ።

«ጃለኔ! ኮቱ፣ ነይ እስቲ!» አለችኝ ሃዋኒ ከበሯ ሆና። «ምን የመሰለ ልብስ ነው! ማን ሰፋልሽ?»

ዝም።

«እናትሽ ናት?»

ዝም። ሃዋኒ ለስላሳውን ከማቀዝቀዣው አወጣች። ክዳኑ ሲከፈት ፍሽሽ አለ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ጀግና ነበርኩ።

ሁሉንም ነገርኳት። ስድስት እንደሆኑ፣ ልካቸውን፣ ከቬሎው እንደተቀደዱ፣ ሌላም መስፋት እንደሚቻል፣ የጥጡን ነገር እማ እንደደረሰችበት፣ «ይቺ ልጅ!» እንዳለች ጭምር። ሃዋኒ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ጠርሙሱ ባዶ ሲሆን ነው ያደረግኩት ነገር የገባኝ። እያለቀስኩ ቤት ገባሁ።

«ነገርኳት!»

እማ ከስፌቷ ቀና አላለችም። «ስድስት እንደሆኑ ነገርሻት?»

«አዎ።»

«ልካቸውንስ?»

«አዎ።»

«ጎበዝ። ፊትሽን ታጠቢ።»

እየሰደበችኝ መስሎኝ ነበር። ሰኞ ጠዋት ሃዋኒ በእግሯ መጣችና ስድስቱንም ለቅዳሜ ያዘች፤ ሌላ ስምንት አዘዘች። ክፍሏም ተረፈች።

ለምን እንዳልተቆጣችኝ የጠየቅኳት አምና ነው። ሳቀችብኝ። «እኔ ሄጄ ብለምናት ኖሮ በርካሽ ትወስደው ነበር» አለች። «ምስጢር ሰርቄ ደረስኩበት ብላ ስትመጣ ግን ያልኳትን ከፈለች። ቬሎ ማንም ይገዛል፤ ክሊኒክ ጎን ማንም ይከራያል። ያንቺን አፍ ግን ከየት ያመጡታል?»

ሦስት ዓመት ሙሉ አዲስ ነገር በሰፋች ቁጥር ምስጢር ነው እያለች ያስማለችኝ ለዚህ ነበር። እኔ እየማልኩ፣ ሃዋኒም ለስላሳ እየከፈተች፣ ሁላችንም ኖርን። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላኝ ግን አንድ ቀን ሃዋኒ ጠርሙሱን ስትዘረጋልኝ «አመሰግናለሁ፣ አልጠማኝም» ብዬ አለፍኳት። ቤት ስደርስ አፌን ይዤ መመለሴን በኩራት ለእማ ነገርኳት። መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው፣ ከላይ እስከ ታች አየችኝ፣ ረጅም ተነፈሰች።

«አድገሻል» አለችኝ። «እንግዲህ ሌላ ነገር ልፈልግ።»